የዝንቧ መልክና የዝንቧ ስም

አዳም በገነት ሳለ እንስሳት፥ አራዊትና አዕዋፍ ወደ እርሱ እየቀረቡ ለየራሳቸው ስም እንዳወጣላቸው ኦሪት ይነግረናል። ዝንብ ከቀረቡት ወገን መሆንዋን መጽሐፉ በግልጽ አይናገርም፤ ምናልባትም የዚህ ጽሑፍ ችግር ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፥ በአዳም ፊት የቆመው ፍጡር ሕያው ሆኖ፥ እየተራመደና ድምፁን እያሰማ፥ ጠባዩን ሳይሰውር የቆመ ስለ ነበረ፥ ስም አውጪው አባታችን መልኩን ለብቻው፥ ባሕርዩን ለብቻው የሚመለከትበት ምክንያት አልነበረውም። እኛ ልጆቹ ግን በዚህ ዘመን ፍጥረትን የምናውቀው አብዛኛውን ጊዜ በሥዕሉ ነው፤ በባሕር ዳር ከተማ ከሐይቁ ዳር የሚንሸራሸር ወጣት በደንገል ዘንግ ላይ ያረፈች እንግዳ ዝንብ ቢያይ፥ ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ ያነሣትና፥ እርሷ በርራ ከሄደች በኋላ ሥዕሏን ለሚያውቅ ሰው አሳይቶ «ይህች ማን ትባላለች?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው፤ ውስጡ ግን የጥንት ፈላስፎችም የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ብዙ የደከሙበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መልክን ያየ ሰው ባሕርይን ዐውቄአለሁ ሊል ይችላልን? የሚል ነው።

ነገሩን በጥቅሉ ከመናገር አንዲቱን ዝንብ ቀረብ ብሎ ማየት ይሻላል። በሳይንስ ስማቸው ሲዮማይዚዴ የሚባሉት የረግረግ ዝንቦች በዓለም ላይ ከ500 በላይ ዝርያዎች ያሉት አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ከእነርሱም ሴፔዶን የተባለው ወገን ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በየረግረጉና በየውኃው ዳር ተሠራጭቶ ይኖራል። ሴፔዶን ከቤት ዝንብ ጋር አትምታታም። ሰውነቷ ቀጠን ያለ ነው፤ ከራሷ ላይ የበቀሉት ሁለቱ የማሽተቻ ቀንዶች ወደ ፊት ቀጥ ብለው የተወረወሩ ናቸው፤ የኋላ እግሮቿ ጭን ከፊተኞቹ ይልቅ የረዘመና የወፈረ፥ ከሥሩም ጥቃቅን እሾህ የተሰካበት ስለ ሆነ፥ ከጎን ላያት ሰው ለመዝለል የተዘጋጀች ፌንጣ ትመስላለች። ስታርፍም ብዙ ጊዜ ራሷን ወደ ውኃው፥ ጅራቷን ወደ ሰማይ አድርጋ፥ ክንፎቿን በጀርባዋ ላይ አጥፋ፥ ከዘንጉ ጋር እንደ ተጣበቀች ዝም ትላለች፤ ለመብረርም እንደ ሌሎቹ ዝንቦች አትቸኩልም፤ ለፎቶግራፍ አንሺ ይህን ያህል የተመቸ ዝንብ ብዙ የለም። እንግዲህ እነዚህን ምልክቶች አንድ ጊዜ የተማረ ሰው፥ ሥዕሉ ደኅና ሆኖ ከተነሣ፥ «ይህች ሴፔዶን ናት» ለማለት አይቸገርም። እስከዚህ ድረስ መልክ ታማኝ ምስክር ነው።

ከዚህ አልፎ ግን «የትኛዋ ሴፔዶን?» የተባለ እንደ ሆነ ምስክሩ መንተባተብ ይጀምራል። የዚህ ወገን ዝርያዎች ብዙዎች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚለዩትም በዓይን ዳር ያለ ነጥብ፥ በራስና በደረት ላይ የበቀሉ ጥቂት ጠጕሮች ቍጥር፥ የክንፍ ጫፍ መጥቈርና አለመጥቈር፥ የጭን ውፍረትና የእሾሁ አሰካክ ነው። ከእነዚህም አንዳንዱ በታጠፈው ክንፍ ተሸፍኖ ይቀራል፤ አንዳንዱ ከስልክ ካሜራ ዐቅም በታች ነው፤ ቀለሙ ደግሞ እንደ ፀሐዩ አቀማመጥ አንድ ጊዜ ሰማያዊ፥ አንድ ጊዜ የነሐስ መልክ ይሆናል። ሊቃውንቱ ከሁሉ ይልቅ የሚተማመኑበት ምልክት በወንዱ ጅራት ጫፍ ተሰውሮ ያለው የመራቢያ አካል ነው፤ ይህንንም ለማየት ዝንቡ ሞቶ፥ የጅራቱ ጫፍ ተቈርጦ፥ በመድኃኒት ተነክሮ ሥጋው ከሟሟ በኋላ፥ የቀረው ቅርፊት በማይክሮስኮፕ ሥር እየተገላበጠ መመርመር አለበት። የተገኘችው ሴት ብቻ ከሆነች ሊቁ ራሱ ሬሳዋን በእጁ ይዞ ብዙ ጊዜ ያመነታል። ስለዚህ ያ ወጣት ያቀረበው ፎቶግራፍ ምንም ያህል የጠራ ቢሆን፥ የተጠየቀው ሊቅ ወገኗን ነግሮት ዝርያዋን «አልለየሁም» ቢለው ሊገርመው አይገባም።

ይህን የሥዕልና የባሕርይ ነገር ሳስብ ዘወትር ወደ ኅሊናዬ የሚመጣው የጣና አድባራት ሥዕል ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ወደ ዘጌ የተሻገረ፥ በቡናው ጥላ ሥር ዐልፎ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ምእመን የመቅደሱ ግድግዳ በቅዱሳን መልክ ተሸፍኖ ያገኘዋል። እንዲህ ያለውን ሥዕል በጥሞና ያየ ሰው የቅዱሳኑ ፊት እርስ በርሱ እጅግ የሚመሳሰል መሆኑን ያስተውላል፤ ዓይናቸው ሁሉ ትልልቅ ነው፤ ፊታቸው ሁሉ ወደ ተመልካቹ የዞረ ነው፤ አፍንጫቸውም በአንድ መስመር ወርዶ የቆመ ነው። በፊት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰማዕትን ከሰማዕት የሚለይ አይገኝም ነበር። ይሁንና በጣና ዳር ያደገ ሕፃን እንኳ ጊዮርጊስን ከመርቆሬዎስ ጋር አያምታታም። ሁለቱም ፈረሰኞች፥ ሁለቱም ጦር ሰባቂዎች ናቸው፤ ዳሩ ግን በነጭ ፈረስ የተቀመጠው ጊዮርጊስ፥ በጥቁር ፈረስ የተቀመጠው መርቆሬዎስ ነው፤ ከፈረሱ እግር በታች የወደቀው ዘንዶ ከሆነ የፊተኛው፥ ከሓዲው ንጉሥ ዑልያኖስ ከሆነ የኋለኛው ነው፤ ይህም እንዳይበቃ ሠዓሊው ስማቸውን በራሳቸው አጠገብ ጽፎታል። የዓመፀኞቹን ፊት ደግሞ በጎን ስለሚሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ ተመልካችም ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል።

የልዩነቱ ምሥጢር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሠዓሊው አስቀድሞ ዐውቆ በኋላ ሥሏል፤ ለመለየት የሚያስፈልገውን መርጦ አጕልቶታል፥ የማያስፈልገውንም ትቶታል። የካሜራው ሌንስ ግን ከማወቅ በፊት የሚሥል ሠዓሊ ነው፤ በፊቱ የወደቀውን ብርሃን ሁሉ፥ የደንገሉን ጭረትና የጤዛውን ጠብታ ሳይቀር፥ በትጋት ይቀበላል፤ ከዚያ ሁሉ ሀብት ውስጥ ግን የትኛው ነጥብ ዘንዶው፥ የትኛው ነጥብ ፈረሱ እንደ ሆነ አያውቅም። የዝንብ ሊቃውንት ዛሬም፥ ፎቶግራፍ እንዲህ በረቀቀበት ዘመን፥ ዝርያ መለያ በሆኑት መጻሕፍታቸው ውስጥ የዚያን የወንዱን አካል ቅርጽ በእጅ በተሠራ መስመር ሥለው የሚያሳትሙት ስለዚህ ነው። በሙያ ነገር ከሄድን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ እርሳስ የጨበጠው ተመራማሪ ከፎቶግራፍ አንሺው ይልቅ ለዑራው ሠዓሊ ይቀርባል።

መልክ የሚያሳስተው ግን ያልተማረውን ወይም የቸኰለውን ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር የጣናን ነጭ ዓሣ ታሪክ ይመልከት። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራችን መጥቶ፥ ከሐይቁ ካገኛቸው ከእነዚህ ዓሦች ብዙ ዝርያ ለይቶ ስም ሰጣቸው። ከእርሱ በኋላ የመጡትም እየጨመሩ፥ እየከፋፈሉ ሄዱ፤ ጣልያናዊው ቢኒ በ1940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ልዩነታቸውን በብዙ ንኡስ ዝርያ ዘረዘረው። በ1973 ደግሞ እንግሊዛዊው ባኒስተር ያን ሁሉ መርምሮ፥ ይህ የመልክ መለያየት በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ መለያየት ነው ብሎ ሁሉንም በአንድ ስም ጠቀለላቸው። በዚህ ፍርድ ላይ ሃያ ዓመት ያህል እንዳለፈ የሆላንድ ተመራማሪዎቹ ናገልከርከና ሲቢንግ በባሕር ዳር ተቀምጠው እንደ ገና አጠኗቸው፤ የአፋቸውን አከፋፈትና የራሳቸውን ቅርጽ ለኩ፥ ምን እንደሚበሉና በየትኛው የሐይቁ ጥልቀት እንደሚውሉ ተከታተሉ፤ ክረምት ሲገባም አንዳንዶቹ እንደ ጉማራ ወዳሉት ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን እንደሚጥሉ፥ ይህንንም በጊዜና በስፍራ እየተለያዩ እንደሚያደርጉት ታየ። በመጨረሻ የተቈጠሩት ዝርያዎች 15 ያህል ሆኑ፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ውኃ አይገኙም። ሩፔልም፥ ቢኒም፥ ባኒስተርም ዓይን ነበራቸው፤ ያዩትም ያንኑ ዓሣ ነው። በብርጭቆ ውስጥ ታሽጎ አውሮፓ የደረሰ ዓሣ ግን ጉማራን መቼ እንደሚወጣ አይናገርም።

አሁን ደግሞ አንድ ቁም ነገረኛ አንባቢ «የዓሣውስ ለገበያ ይጠቅማል፤ የዝንብ ስም ምን ይረባል?» ይል ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በጣና ዙሪያ ለሚኖር ሕዝብ ቢልሃርዝያ እንግዳ በሽታ አይደለም፤ ዓሣ አስጋሪው፥ ልብስ አጣቢዋ፥ በውኃው የሚዋኘው ተማሪ ሁሉ በሽታውን ከሚያመጣው ተሐዋሲ ጋር ሊገናኙ ይችላሉ፤ ተሐዋሲውም ወደ ሰው ሥጋ ከመግባቱ በፊት በውኃ ውስጥ ባለች ትንሽ ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ አድጎ መውጣት አለበት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፥ ከዚያም ተነሥተው ያደረጉት ምርምር የታወቀ ነው። ከእርሳቸው ዐሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በ1953 አሜሪካዊው ክሊፎርድ በርግ የረግረግ ዝንቦች እጭ ቀንድ አውጣን እያሳደደ የሚበላ መሆኑን ጽፎ አስታውቆ ነበር። እጩ በውኃው ገጽ ላይ ተንሳፍፎ በጅራቱ በኩል እየተነፈሰ ይጠብቃል፤ ቀንድ አውጣዋ ስትመጣም ይዞ ሥጋዋን ከቅርፊቷ ውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ በዘንጉ ላይ ዝም ብላ የተቀመጠችው ዝንብ ለጣና ዳር ልጆች ያልታወቀች ረዳት ልትሆን ትችላለች። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከዚሁ ቤተሰብ አንዷ ከኒካራጓ ተወስዳ በሃዋይ ደሴቶች የተለቀቀችው የከብትን ጉበት የሚጎዳውን ትል የምታስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ታጠፋለች ተብሎ ነው።

ነገር ግን፥ እዚህ ላይ ነው የስሙ ጉዳይ የሚከብደው፥ ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ የሁሉም ምግብ አንድ አይደለም። አንዷ የውኃ ቀንድ አውጣ ትበላለች፤ ሌላዋ የየብሱን ትመርጣለች፤ ሌላዋ ወደ ዛጎል ታዘነብላለች፤ ከምዕራብ አፍሪካ ከቤኒን ከተጠኑትም ውስጥ ቀንድ አውጣን ፈጽሞ ትታ በውኃ ውስጥ ያለ ትል የምትበላ ሴፔዶን ተገኝታለች። ቀንድ አውጣ በላዪቱና ትል በላዪቱ በአንድ ወገን ስም ይጠራሉ። ሥዕላቸውን አይቶ ስም የሚያድል ሰው አንዲቱን በሌላዪቱ ፈንታ ቢያስለቅቅ፥ ቀንድ አውጣው በሰላም ይኖራል፤ በሽታውም እንዲሁ። ከዝንብ ወደ ወባ ትንኝ ያለፍን እንደ ሆነ ነገሩ ይብሳል፤ አኖፌለስ ጋምቢያ በተባለው ጉባኤ ውስጥ ያሉት እኅትማማች ትንኞች በዓይን ይቅርና በማይክሮስኮፕም አይለዩም። በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አረቢየንሲስ እና በ2013 (እ.ኤ.አ.) አምሃሪከስ የሚል ስም የተሰጣት፥ ከሰው ይልቅ ከብት የምትመርጠው እኅቷ በመልክ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው በውስጥ የተጻፈው የዘር መልእክት ብቻ ነው። መልክ ከባሕርይ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

እንግዲህ በትክክል ለማወቅ መግደል ግድ ከሆነ፥ ለማወቅ ብለን ፍጡርን ልንገድል ይገባናልን? ከመነኮሳት ወገን «ነፍስ ያለውን ሁሉ የፈጠረ እርሱ ነው፤ ለስም ብላችሁ አትግደሉ» የሚል ቢገኝ ንግግሩን በቀላሉ አልንቀውም። የራሴ ፍርድ ግን ይህ ነው፤ ሕፃናትን ከበሽታ ለማዳን፥ ወይም ረግረጉ ለእርሻ ሳይታረስና እምቦጭ ሳያለብሰው በውስጡ ማን እንደሚኖር ጽፎ ለማቈየት የተገደለች ዝንብ ያለ አግባብ አልሞተችም፤ «እኔ ዐውቃታለሁ» ለማለት ብቻ የተገደለች ግን ያለ አግባብ ሞታለች። ደግሞም ሬሳ ሁሉን ይናገራል ማለት አይደለም። የሕያዋን ዝንቦች የዓይን ቀለም ብዙ ጊዜ ከሞት በኋላ ደብዝዞ ይጠፋል፤ ራሷን ወደ ውኃ አድርጋ መቀመጧን፥ ከፊላው ይልቅ ደንገሉን መምረጧን በመርፌ ከተሰካች ዝንብ ማንም አያነብም። ፎቶግራፉ የተሰወረውን አካል አያሳይም፤ ሬሳው የተገለጠውን ኑሮ አያሳይም። ይስሐቅ በሸመገለ ጊዜ ዓይኑ ፈዝዞ መንትያ ልጆቹን ለመለየት ሁለት ምስክር ነበረው፤ የቀረበው ልጅ ድምፅ አንዱን፥ እጁ ሌላውን መሰከሩለት፤ እርሱ ግን እጁን አመነ። መንትዮችን ለመለየት የተቀመጠ ዳኛ ምስክር ስለ በዛለት ብቻ ከስሕተት አይድንም፤ የትኛው ምስክር ለየትኛው ነገር እንደሚታመን ማወቅ አለበት።

በጎጃም ጉባኤ ቤት ያደገ አንባቢ ምናልባት ሌላ መውጫ ያመለክተኝ ይሆናል። የመጽሐፍ መምህር አንዱን ንባብ ይተረጕምና፥ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ይጨምራል፥ ደግሞም ሦስተኛ፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። ታዲያ ስለ ዝንቧም «ይህች ናት፤ አንድም ያች ናት» ብለን ብናልፍ ምን አለበት? መንገዱ ያማረ ነው፤ ቢሆንም ለዚህ ነገር አይሆንም። በትርጓሜው የሐተታው መብዛት የቃሉ ብልጽግና ነው፤ ሁሉም በአንድነት እውነት ሆነው ይቆማሉ። ዝንቧ ግን አንዲት ናት፤ እኛ ብናውቅም ባናውቅም ከሁለቱ አንደኛዋ ብቻ ናት፤ የስሙ መብዛት የእኛ ድኽነት እንጂ የእርሷ ሀብት አይደለም። ስለዚህ ባለ ብዙ ስም ከመሆን ይልቅ በወገኗ ላይ መቆም፥ «ሴፔዶን ናት፥ ዝርያዋ አልተለየም» ብሎ መጻፍ ይበልጣል። ስንዴና እንክርዳድ በቡቃያቸው ሳሉ የሚለያቸው ያልተገኘ እንደ ሆነ እስከ መከር ይቆዩ የተባለው እንክርዳድ ስለሌለ አይደለም፤ የሚነቅለው እጅ ስለማያውቅ ነው። ዛሬ በስልክ ላይ ያሉት፥ ሥዕል ሲያሳዩአቸው ወዲያው ሙሉ ስም የሚናገሩ መተግበሪያዎች ይህን ትዕግሥት ገና አልተማሩትም ብል እነርሱን የሠሩአቸው ሰዎች አይቀየሙኝ።

ይሁን እንጂ መቆም ማለት መተው አይደለም፤ ጊዜ ያለው ሰው የሚሄድበት ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ፊሳልጎስ የተባለው፥ በጥንት ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው የአራዊት መጽሐፍ ይህን መንገድ በአቅሙ ያውቀዋል። ፊሳልጎስ ስለ አራዊት ከተናገረው ብዙው በእውነት የማይገኝ ተረት ነው፤ ስለ እያንዳንዱ ፍጡር የሚጠይቀው ግን «ምን ይመስላል?» ብሎ ሳይሆን «ምን ያደርጋል?» ብሎ ነው። በርግና ተከታዮቹ ያደረጉትም ይህንኑ ነበር። ስሟ ያልታወቀች ሴት ዝንብ በጣና ዳር ስትገኝ፥ ፎቶግራፏን አንሥቶ በሕይወት እንዳለች ከጥቂት የሣር ዘንግና ከእርጥብ ነገር ጋር በብልቃጥ ማኖር ይቻላል፤ እንቁላሏን በዘንጉ ላይ ትጥላለች፤ የተፈለፈሉትን እጮች ውኃ ባለበት ሳህን ላይ አድርጎ ቀንድ አውጣም፥ ትልም፥ ዛጎልም ማቅረብ ነው። የሚበሉትን ይበላሉ፤ የማይበሉትን አይነኩም፤ በስተኋላም ቅርፊት ለብሰው ይቆዩና ከዚያ ውስጥ ሴትም ወንድም ዝንብ ይወጣል። አንዱ ወንድ ለማይክሮስኮፑ ይሰጣል፤ በእርሱ አካል ዝርያው ይታወቃል፤ እናቲቱም በአገራችን ወግ የእገሌ እናት እንደምትባል ሴት በልጇ ስም ትታወቃለች፤ አስቀድሞ የተነሣው ፎቶግራፏም ያን ጊዜ ስም ያገኛል። ያም ስም የሚጸናው ለዚያች ለአንዲቱ ዝንብ ሥዕል ብቻ ነው፤ በማግስቱ በዚያው ደንገል ላይ ለሚነሣው ሌላ ፎቶግራፍ ሥራው ከእንቁላል ይጀመራል።